የማዕዘኗ ቀለበት

በእኛ ቀዬ ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠውን ሻሽ ዳር ዳሩን በዳንቴል ትከብበዋለች። የማዕዘኗን የመጀመሪያ የክር ቀለበት የምትሠራላት ግን እናቷ ናት። እናት ከሌለች አያት። የልጄ ልጅ ፈራይ እናቷን ያጣችው በአምስት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ እኔ መጣ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ድሮ በመርፌ ስሠራ የከተማችን የኦደሚሽ ሴቶች ይቀኑብኝ ነበር። አሁን የመርፌውን ጫፍ አላየውም። ፈራይ «በመወርወሪያ ላስተምርሽ፣ እሱ በዳበሳ ይሠራል» አለችኝ። መወርወሪያዋ ትንሽ ጀልባ ትመስላለች፤ ክሩ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሏል። የክሩን ጫፍ በግራ እጅ ጣቶች ላይ አዙሮ፣ መወርወሪያዋን ከሥርና ከላይ እያሾለኩ መቋጠር ነው። ቋጠሮው ሲበቃ ክሩ ይሳባል፣ ተሰብስቦም ቀለበት ይሆናል። የሰው ይሆናል። የእኔ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

«አያቴ፣ አታጥብቂው!»

«ካላጠበቅሁት ይፈታላ!»

«እሱ በመርፌ ሲሆን ነው። እዚህ ቋጠሮው ከመወርወሪያዋ ክር ተነሥቶ ወደ እጅሽ ክር መሻገር አለበት። እስኪሻገር ግራ እጅሽን አላላ አድርጊ። አንቺ እኮ ሳይሻገር ታንቂዋለሽ። እኔን መንገድ ስታሻግሪኝ እንደምትይዢኝ!»

«ታዲያ መኪና በላሽ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አማቶቿ ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል፤ የእኔ ቀለበት ካልተዘጋ እሷ ቀሪውን መጀመር አትችልም። ሻሹ ማዕዘኑ ባዶውን ቢሄድ ምን ይላሉ? እናት የሌላት፣ የጀመረላትም የሌላት ነው የሚሏት።

በማግስቱ ፈራይ ገበያ ሄዳ ሳለ ጎረቤቴ ሙነቨር በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«እትዬ ሳቢሃ፣ ዛሬም አላለቀም? ቀለበት ነው የምትሠሪው ወይስ የመንግሥት መንገድ?»

«አትሳለቂብኝ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ።»

«በይ ስጪኝ፣ ሻይሽ ሳይበርድ ልዝጋልሽ። ማን ያውቃል?»

ሰጠኋት። ሻዩም አልበረደም።

ፈራይ ስትመለስ ቀለበቱን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው። «የእትዬ ሙነቨር እጅ ነው» አለችና መቀስ አንሥታ ቆረጠችው። አልጮኸችብኝም። «የእማዬን ቦታ ለጎረቤት ሰጠሽብኝ?» ብቻ ነው ያለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀሚሷን ልትለካ በአውቶቡስ ወደ ኢዝሚር ሄደች። ሹራብ ደርቢ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጪ፣ ስትደርሺ ደውዪ ብያት ነው የወጣችው። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ መወርወሪያዋን ያዝሁ። እጄ ይቋጥራል፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ እየደረቁ ቀሩ፤ ቆርጬ እንደገና ጀመርሁ። እናቷ የቀረችበት ያ የመንገዱ ጥምዝ በዓይኔ ላይ ይመላለሳል።

ስልኩ ጮኸ።

«ደርሻለሁ፣ አያቴ። ከሹፌሩ ኋላ ነበርኩ።»

«ተመስገን!»

ያን ጊዜ ትከሻዬ ወረደ፣ ጣቶቼም አብረው ላላ አሉ። ጅምሩን ቋጠሮ ሳብ ሳደርገው ከክር ወደ ክር እጥፍ ሲል ተሰማኝ፤ አላየሁትም፣ ጣቴ ነው ያወቀው። ስልኩን ሳልዘጋ ሁለተኛውን ሞከርሁ። ሦስተኛውን። «አያቴ? አለሽ?» ትላለች።

«አለሁ። አንቺ ቀሚስሽን ተለኪ፣ አታጨናንቂኝ።»

ማታ ከመምጣቷ በፊት ተዘግቶ ነበር። አንዱ ጎኑ ላይ ግን ክሩ ረዝሞ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆሟል።

«ቆዪ፣ ፈትቼ ላስተካክለው» አልኋት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

ቀለበቱን ዳሰሰችው። የጥንቸሏ ጆሮ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የተዘጋ ቀለበት አይፈታም፣ አያቴ።»

«በይ በመቀስ...»

መቀሱን አንሥታ ከሥሯ ደብቃ ተቀመጠችበት። መወርወሪያዋን ከእጄ ወስዳ፣ ከጥንቸሏ ጆሮ ቀጥሎ መቋጠር ጀመረች። መብራቱን አስጠጋሁላት። ጀርባሽን ቀና አድርጊ ልላት ነበር፣ ተውሁት።