የምሁሯ የመጀመሪያ ጥርሶች

ጥርሴ አልቆ ድዴን ብቻ ይዤ ከቀረሁ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለካ ነው የምውለው። "ጥርስ አሠሪ እንጂ!" ሲሉኝ ግን "ለማን ብዬ?" እል ነበር። አሁን አፌ ሙሉ ነው። ለማን ብዬ እንዳሠራሁት ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። የምትኖረው እኔው ጋ ነው፤ ከመጽሐፍ ቀና ስለማትል "ምሁሯ" እላታለሁ። በፈተና የሚደርስባት የለም፣ የመንጋጋን አጥንቶች ስም እንቅልፍ ላይ ሆና ትዘረዝራለች። ዘንድሮ ግን መጽሐፉን አጥፋችሁ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ የሚተነፍስ ሰው አክሙ ተባሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ጥርሱ ላለቀ አንድ ሰው፣ ከልኬቱ እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ሙሉ ጥርስ መሥራት አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ጉዷ ፈላ። በኮሌጁ ክሊኒክ ኮሪደር ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደረሷት። መስታወቷን ይዛ አጠገባቸው ቆመች፤ "አፍዎን ይክፈቱ" ማለት እንኳ ጠፋት። እጇ ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ሲደክማቸው ዘጉት። በመጨረሻ ሌላ ተማሪ ወሰዳቸው።

ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

"እቴቴ፣ ትምህርቱን ልተወው ነው። ሰው ስነካ የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ይጠፋል። መጽሐፍ ብቻ የሚነበብበት ነገር ልቀይር።"

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት ቀለም የቆጠርሽው ሰው ለመፍራት ነው ወይ ልላት አፌን ከፈትኩና ፊቷን ሳይ ተውኩት።

"እኔንስ ትፈሪኛለሽ?" አልኳት።

"አንቺንማ ምን ብዬ እፈራሻለሁ?"

"እንግዲያው እኔን ውሰጂኝ። ድዴ እንደሆነ ባዶ ነው፤ ሥራ አላጣሽም።"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። "እሺ። ይኼም ካልሆነልኝ ግን እተወዋለሁ፣ እንዳትከለክዪኝ።"

አልከለክልሽም አልኳት። ልቤ ግን አልተስማማም።

ልኬቱ በሰላም አለፈ። አፌን ሊጥ በመሰለ ነገር ሞላችውና እስኪደርቅ ድረስ ዝም እንድል አደረገችኝ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቅጣት አልደረሰብኝም። በዚያው ልኬት የድዴን አምሳያ በጄሶ ቀርጻ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ የአነካከስ ቀን መጣ፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ የት ላይ እንደሚገጥሙ ለማወቅ ታካሚው ሰም የሚነክስበት ቀን ነው። እኔ ደግሞ እንዳላሳፍራት ብዬ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ስለማመድ ሰነበትኩ። አገጬን እንዳለ ስተወው አሮጊት እመስላለሁ፣ ወደ ፊት ገፋ ሳደርገው ያምርብኛል። ቀኑ ሲደርስ ገፋ አድርጌ ሰሙን ጥርቅም አድርጌ ነከስኩላት። "ጎበዝ!" አለችኝ። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ጥርሶቹ ሰም ላይ ተደርድረው የሚሞከሩበት ቀን አስተማሪዋ መጡ። ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። "እናቴ፣ ዘና ይበሉና ይግጠሙ" አሉኝ። እኔም ዘና ብዬ ገጠምኩ። የታችኞቹ ጥርሶች ከላይኞቹ ኋላ ቀሩ፤ መሃላቸው ጣት ያስገባል።

"አፍርሺው። እንደገና" አሉና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፉ።

ምሁሯ ጥርሶቹን ከአፌ አውጥታ ጄሶው ላይ ገጠመቻቸው። ልክክ አሉ። "እዚህ ላይ እኮ ልክ ነው" አለች ለራሷ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ በሩ አየች። ወደ በሩ ስታይ እኔም አየኋት። ይኸው ልትሄድ ነው፣ አልከለክልም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፣ በምን አፌ እመልሳታለሁ?

አልሄደችም። ጄሶውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እጇን ታጠበች፣ ጓንት ቀየረች፣ ከኋላዬ ቆማ ጣቶቿን ከሁለቱ ጆሮዎቼ ፊት አሳረፈች።

"ሰሙን የነከስሽ ቀን እንዳደረግሽው አድርገሽ ግጠሚ።"

ገጠምኩ። ጣቶቿ ሥር አጥንቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት ለእኔም ተሰማኝ።

"እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየረዳሁሽ።"

"አትርጂኝ!" ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። "ጄሶው እኮ እኔን ለማስደሰት አይሞክርም! ይኼ ደግሞ የትም መጽሐፍ ላይ የለም።" ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

መጽሐፉ ላይ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፣ ለራሴ ግን አፈርኩ። ስንቱ ደንበኛ ሜትሬን ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ይለካና ልብሱ ሲጠበው እኔን ሲረግም ኖሯል! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እያልኩ ሳማርር የኖርኩት ሴትዮ፣ የዛሬዋ አይጥ እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ከዚያ ወዲያ አልታዘዝኩም፤ ታለልኩ። የምላስሽን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፊና ምራቅሽን ዋጪ አለችኝ። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አስፈትታ እንደገና ስላሰፋችኝ ሙሽራ ደንበኛዬ ጠየቀችኝ፤ እኔ በንዴት ተውጬ አገጬን ስረሳው ጣቶቿ ያውቁ ነበር። "አሁን፣ ቀስ ብለሽ" አለች። ሰሙን ሳላስበው ነከስኩት። መስታወት ብታሳየኝ ኖሮ አሮጊት ነበርኩ፣ ደግነቱ አላሳየችኝም።

ተሠርቶ ያለቀው ጥርስ አፌ የገባ ዕለት አስተማሪዋ ከኋላዋ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ። ገጠምኩ፣ ዘና አልኩ፣ እንደገና ገጠምኩ። ላይና ታቹ እንደ ቆዩ ጎረቤቶች ተገናኙ።

"የሚያምሽ ቦታ አለ?" አለችኝ።

"በፍጹም!" አልኳት። በግራ በኩል ድዴን ይወጋኝ ነበር፤ ግን አስተማሪዋ ቆመው እያዩ ምን ብዬ ላሳጣት?

ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። "ዋሸሽ። ክፈቺ።" አውጥታ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ያመመኝን ቦታ ሳልነግራት አገኘችው፣ ሞርዳ መለሰችው። ውጋቱ ለቀቀኝ። አስተማሪዋ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው ወንበር ሄዱ። እሳቸው ዘንድ ምስጋና ማለት ይኼ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

መስታወቱን ተቀብዬ ሳቅኩ፤ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ፣ እስከ መጨረሻዎቹ መንጋጋዎች። ከራሴ ጋር ፍቅር ያዘኝ። ከላይ አየሁት፣ ከጎን አየሁት፣ "ጨርቅ" አልኩ፣ "ጫፍ" አልኩ፣ ፊደሉን ሁሉ ልሞክረው ነበር። ቀና ስል ምሁሯ አጠገቤ የለችም።

በሩ ላይ ቆማለች። ማንም ሳይልካት ኮሪደሩን አይታ "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው የደገፉ፣ እኔም እሷም የማናውቃቸው ሴትዮ ተነሱ። ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። "አይዞዎት፣ የቱ ጋ እንደሆነ እኔ አገኘዋለሁ" ስትላቸው እጇን ሰርቄ አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። አንድ ነገር ልላት አዲሱን አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እቴቴ፣ ወንበሩን ልቀቂ። ታካሚዬ ይቀመጡበት።"