ባል ያጨበጨበበት ንግግር

አናጢው ወሬ አይሆንለትም። ማታ ቤት ገብቶ «ደህና ዋልሽ?» ካለ፣ ሚስቱም «ደህና» ካለች፣ የዕለቱ ጨዋታ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ፋርማሲ የምትሠራው ሚስቱ «ዛሬ የንግግር ክለባችን ውስጥ ተራዬ ነው፤ ናና ስማኝ» ስትለው የእንጨት ብናኙን ከጸጉሩ ላይ አራግፎ ተከተላት። ምን ያድርግ!

ዘግይተው ስለደረሱ የሰብሳቢው ማብራሪያ አመለጣቸው። ፕላስቲክ ወንበር ስበው እንደተቀመጡ አንድ የታክሲ ሾፌር ተነሣ። ቤቱ ትናንት ተቃጥሎ አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳልተረፈለት እንባውን እየጠረገ ተናገረ። አናጢው ብድግ ብሎ «አይዞህ ወንድሜ! በርና መስኮቱን እኔ በነፃ እሠራልሃለሁ!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ራሱ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል። ሰብሳቢው «ወንድሜ፣ የዛሬው ልምምድ ፈጠራ ነው፤ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መናገር» ብሎ አስረዳው። የአናጢው ፊት በርበሬ መሰለ። ሰው እንዴት በደህና ቀን ቤቱን ያቃጥላል? እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?

ቀጥሎ ሚስቱ ወጣች።

«ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም» ብላ ጀመረች። «ግን ድምፁን ረሳሁት። ቀን ለሰው ቁም ሣጥን ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ራሱ ቁም ሣጥን ሆኖ አጠገቤ ይቀመጣል። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ቅዳሜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። አሁንማ ነቅቷል፤ ሁለተኛ አይሸወድም! ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፣ «ጎበዝ!» ብሎም ጮኸላት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ትክ ብላ አየችውና ሄዳ ተቀመጠች። ሻንጣው… ትናንት ኮሪደሩ ላይ አላየውም እንዴ? አቧራውን ልትጠርገው ይሆናላ። ወይስ? እህቷስ ጠዋት ምን ብላ ነው የደወለችው? ኧረ ፈጠራ ነው! ኧረ አይደለም! ጭንቅላቱ ዞረበት።

«እንግዳ አንድ ደቂቃ ሳይናገር አይሄድም፤ ደንባችን ነው» ብሎ ሰብሳቢው ጠራው።

እግሩ እንዴት መድረኩ ላይ እንዳደረሰው አያውቅም። «እኔ…» አለ። «እኔ ቀኑን ሙሉ መጋዝ ይዤ በልቤ ከሚስቴ ጋር ነው የማወራው። ሁሉንም ነው የምነግራት። ቤት ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። አንቺ ነገር ታውቂበታለሽ፤ እኔ ተሳስቼ እንዳታፍሪብኝ…»

ሰዓት ያዢዋ ደቂቃው ማለቁን የሚያሳየውን ቀይ ካርድ አነሣች። ጭብጨባው ቀለጠ። «ምን ዓይነት ፈጠራ ነው እባካችሁ!» አለ ሾፌሩ። አናጢው ተገትሮ ቀረ፤ እንዳይወርድ አልጨረሰም፣ እንዳይቀጥል ካርዱ አለ።

ሚስቱ ብድግ አለች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል።

«ዝም በሉ እስቲ!» አለች። «አንቺም ካርዱን አውርጂልኝ። ይጨርስ፤ መናገር የጀመረው ገና ዛሬ ነው።»

ሻንጣው የእውነት መሆኑ ለአናጢው የገባው ያኔ ነው። መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ቅዳሜ አትሂጂብኝ» አለ።