ዋጋ ጠያቂዋ በሽሮ ሜዳ

ሙሉእመቤት ኢኮኖሚክስ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ቢሞላትም ቋሚ ሥራ አላገኘችም ነበር። ስለዚህ አንድ የውጭ ድርጅት የዓለም ከተሞችን የኑሮ ውድነት ለማወዳደር የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰበስብለት ሰው ሲፈልግ፣ ሳታመነታ ተመዘገበች። ድርጅቱ ረጅም የዕቃ ዝርዝርና ፎቶዋ ያለበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ላከላት። በማግስቱ ጠዋት ቁስቋም ካለው ቤቷ ቁልቁል ወርዳ ሽሮ ሜዳ ላይ ሥራዋን ጀመረች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ሽንኩርት ሻጯን ረሂማን ነበር። ረሂማ ባጁን አየት አደረገችና መቶ ብር ተብሎ የተጻፈበትን ካርቶን ቀስ ብላ ገልብጣ፣ ኪሎው ሰባ ነው አለቻት። ሙሉእመቤት ረክሷል ማለት ነው ብላ መዘገበች። ፀጉር አስተካካዩ ቢኒያም ደግሞ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሰማንያ ብር እንደሚያስከፍል ነገራት። ይህን የሰማ፣ ገና ሁለት መቶ ብር ከፍሎ የወጣ ደንበኛ መልስ ሊጠይቅ ተመልሶ ገባ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ከመንግሥት የዋጋ ተቆጣጣሪ መጥታለች ተባለ። በየሱቁ የዋጋ ወረቀት ተነሣ፣ ዋጋም ወረደ። የሠፈሩ ሴቶች ፌስታል ፌስታላቸውን ይዘው ወጡ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ረሂማ ዘንድ ሰልፍ ነበር።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሙሉእመቤት በዚያው ስትመለስ፣ ከረሂማ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት አንዱ ባዶ ሆኗል። ረሂማ ከሚዛኑ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እህቴ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?” አለቻት።

ሙሉእመቤት አልገባትም። ረሂማ ሽንኩርቱን በሰማንያ አምስት ብር እንዳመጣችው፣ በየኪሎው አሥራ አምስት ብር እየከሰረች እንደሆነ ስትነግራት ግን ፊቷ ጋለ። ዝርዝሩ እስከ ማታ መላክ ነበረበት፤ ዝም ብላ ብትልከው የሚያውቅባት አልነበረም። እሷ ግን የመዘገበችውን ሁሉ ስልኳ ላይ አጠፋችና ባጁን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሰልፈኛው ፊት ቆማ፣ ተቆጣጣሪ እንዳልሆነች፣ ዋጋ የምትጠይቀው የዓለም ከተሞችን ለሚያወዳድር ድርጅት እንደሆነ፣ ማንንም የመቅጣት ሥልጣን እንደሌላት አስረዳች።

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ፌስታሉን አቅፎ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። አምስት ኪሎ የገዙት ወይዘሮ ሉሊት ግን መቶ ሃምሳ ብር ከቦርሳቸው አውጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ።

“በሕግ የቀነሰ መስሎኝ ነው እንጂ፣ ልጄ፣ በአንቺ ኪሳራ ወጥ ሠርቼ አልበላም” አሏት።

እሳቸውን አይተው አምስት ስድስት ሴቶች ልዩነቱን ከፈሉ። ረሂማ እያንዳንዳቸውን እየመረቀች ተቀበለች።

ነገሩ ሲረግብ ቢኒያም ጠጋ ብሎ ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው ሲል ጠየቃት። ስልኳን ከፍታ ድርጅቱ ካወጣው የከተሞች ዝርዝር ላይ፣ በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ከተማ አንድ ወንድ ፀጉሩን ለመቆረጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ ብር እንደሚከፍል አነበበችለት። ቢኒያም ወዲያው አሰላው፤ እዚያ ቢሄድ አንድ ራስ ቆርጦ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ እንደሚያሳልፍ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ። የአንዲት ጠባብ ቤት የወር ኪራይ ከሦስት መቶ ሺህ ብር በላይ መሆኑን ሲሰማ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት።

ረሂማ አልሳቀችም። “እዚያ ሽንኩርት የምትሸጠዋ በቀን ስንት ታገኛለች?” አለች።

ሙሉእመቤት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ የለም።

“እሱ ካልተጻፈ፣ ውዱንና ርካሹን በምን ለያችሁት?”

ሙሉእመቤት ጥያቄውን እንዳለ ከምትሞላው ቅጽ ግርጌ፣ አስተያየት የሚል ቦታ ላይ ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ሁሉም እውነተኛውን ዋጋ ነገራት፤ እንዲያውም አንድ ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው አሥር ብር ተሳስቼብሻለሁ ብሎ እስከ ታክሲ ተራው ተከተላት። ማታ የሆነውን ሁሉ አብራርታ ላከች፤ ሥራው እንዳይቀርባት ግን ሠግታ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍያዋ ገባ። ከክፍያው ጋር በመጣው ደብዳቤ ድርጅቱ በሚቀጥለው ዙር የሻጮችን የቀን ገቢም ሊጠይቅ መወሰኑን ገልጾ፣ የአዲስ አበባውን መጠይቅ እሷ ራሷ እንድታዘጋጅ ጠየቃት። በደስታ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዳ ለረሂማ ነገረቻት። ረሂማ ትንሽ አሰበችና ይህስ ቆመው የሚያወሩት አይደለም አለች። ከጎኗ ያለውን ሣጥን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቦታ ሰጠቻት።