ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት የተሸጠ ሻይ

በእንግሊዝ አገር ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ትኩስ ሻይ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቀዝቃዛ ሻይ አያስፈልግም። ይህን የነገረችኝ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ክፍል የመጣችው ሎርና ናት። መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

«እና ሻዩን አቀዝቅዤ ልሽጠው?» አልኳት።

«ብታቀዘቅዢው ማንም አይናገርሽም።»

«በየካቲት ብርድ? ባሕር ለሚወርድ ሰው?»

«ሕጉ ስለ የካቲት የሚለው ነገር የለም፣ ኖሪን።»

ኪዮስኳ የእናቴ ነበረች። ስኬርቢ ወደብ ላይ፣ ዓሣ የሚራገፍበት ድንጋይ አጠገብ የቆመች አንዲት መስኮት ያላት የእንጨት ቤት ናት። ጀልባዎቹ ሰዓቱ በየቀኑ የሚለዋወጠውን የባሕሩን ሙላት ተከትለው ስለሚወጡ እኛም ሙላቱን ተከትለን እንከፍታለን፤ አንዳንድ ቀን ከነጋ በኋላ፣ አንዳንድ ቀን ገና በጨለማው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጥ የጠየቃት አልነበረም። አቶ ፒርስ የሚባሉ ሰው ግን ከለንደን መጥተው ከኪዮስኳ ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ገዙ። ወደቡ ዳር ቤት የገዙት የባሕሩን ድምፅ ለመስማት ነው። የማንኪያው ድምፅ አልተስማማቸውም፤ ከሰሱ።

ስለዚህ ለፈቃድ አመለከትኩ። አመልካች ማስታወቂያ አትሞ ደጁ ላይ መለጠፍ አለበት፤ አትሜ ለጠፍኩ። ሎርና መጥታ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«ነጭ ነው» አለች።

«ማተሚያ ቤቱ ሌላ ወረቀት ጨርሶ ነበር። ጽሑፉ ያው ነው፤ አንብቢው።»

«አንብቤዋለሁ። ሕጉ ግን ፈዛዛ ሰማያዊ ነው የሚለው።»

ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ፍለጋ ሁለት ከተማ ዞርኩ። የመቃወሚያው ጊዜም እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ አቶ ፒርስም ሰማያዊውን ማስታወቂያ በመስኮታቸው በደንብ አንብበው መቃወሚያቸውን በጊዜው አስገቡ።

ጉዳዩን የሰሙት ሦስት የምክር ቤት አባላት ናቸው። አቶ ፒርስ ተነሥተው «ሻዩን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሳቁን ነው» አሉ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረው ዓሣ አጥማጆቹ ሳይስቁ መጠጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄው የምር ነበር።

«ብዙዎቹ ገና አልነቁም» አልኳቸው። «የሚስቀው ኮሊን ብቻ ነው።»

ፈቃዱ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ላለው ጊዜ ተከለከለ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴን ስቆልፍ ሎርና ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

«ስሚ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሕጉ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ። የምታስተናግጂው የአንድ ሙያ ሰዎችን ብቻ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ዓሣ አጥማጆችን ብቻ። ለሌላ ለአንድም ሰው እንዳትሸጪ።»

«ይህን ወረቀት ከመግዛቴ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለሌላውም ሰው መሸጥ የምትፈልጊ መስሎኝ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ለማንም ነበር የምንሸጠው።

ያን ዕለት ግን ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ደስታዬ እስከ ማግስቱ ንጋት ቆየ፤ አባቴ ክላረንስ እንደ ወትሮው ከዘራውን ይዞ መጥቶ ሳንቲሙን መስኮቱ ላይ እስኪያኖር ድረስ።

አባቴ ሃምሳ ዓመት ግድም ባሕር ላይ ሠርቶ ልቡ ሲደክም ጀልባውን ሸጠ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሣው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙላቱ በየትኛውም ሰዓት ይሁን ይነሣል፣ ይላጫል፣ ወደቡ ድረስ ይወርዳል፣ ሻዩን ገዝቶ ቆሞ ይጠጣል፣ ጀልባዎቹ ከመብራቱ ማማ ሲያልፉ አይቶ ይመለሳል። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደሠራለት ይናገራል። እኔ ወደቡ እንደሆነ አውቃለሁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እስከ አስራ አንድ ሰዓት ልሸጥልህ አልችልም።»

«ለምን? ዕዳ አለብኝ?»

«ዓሣ አጥማጅ አይደለህም።»

ከኋላው ሰዎች ተሰልፈዋል። ኮሊን እንኳ አልሳቀም። ምላሴን በነከስኩት ብዬ ተመኘሁ፤ የሕጉን ቃል እንዳለ ነበር የደገምኩት።

«በነፃ ልሰጥህ እችላለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «በነፃ ከሆነ አይከለከልም። ሎርናን ጠይቄያታለሁ። እንካ፣ ያዝ።»

«በነፃ ሻይ የሚጠጣ ወይ ሕፃን ነው ወይ እስረኛ» አለና ሳንቲሙን አንሥቶ ሄደ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሙላቱ ከነጋ በኋላ ስለነበር ሄጄ ቀሰቀስኩት። «ዛሬ ለማንም መሸጥ ይቻላል፣ አባዬ። ሕጉ ተኝቷል።»

«አንድ ቀን ሰው፣ አንድ ቀን ወንጀለኛ አልሆንም» አለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። ጢሙ አድጎ ነበር። ያበሰልኩለት ሾርባ እንደተቀመጠ ቀዝቅዟል። ሳምንቱ ሳያልቅ ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረ፤ ሐኪሙም መጥቶ አይቶት ሲወጣ በር ላይ «ከአልጋ ካልወረደ ከልቡ በፊት ሳንባው ነው የሚከዳው» አለኝ።

ማንን ልስደብ? ሕጉን እንዳልሰድብ ፊት የለውም። ሎርናን እንዳልሰድብ ልትረዳኝ ነው የሞከረችው። አባቴን ሰደብኩት። «ግትር! ለአንዲት ኩባያ ሻይ ልትሞት ነው?» አልኩት። «ለሻይ አይደለም» አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መላውን ያገኘው ኮሊን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የተቀዳደደ የሸርጣን ወጥመድ በትከሻው ተሸክሞ ሳያንኳኳ ገባና መኝታ ቤቱ መካከል ጣለው። ምንጣፉ በባሕር አረም ተበላሸ።

«ጋሽ ክላረንስ፣ ወጥመድ የሚጠግንልኝ ሰው አጣሁ። ልጆቹ አዲስ ግዛ ይሉኛል።»

አባቴ ወጥመዱን አየ፤ ከዚያ ኮሊንን አየ። «አዘንክልኝ?»

«እኔ? ለአንተ? ጀልባህን ስትሸጥልኝ እንዴት እንዳራቆትከኝ ረሳኸው?»

«ሞተሩ ጥሩ ነበር።»

«ሞተሩ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ! በል፣ ትጠግናለህ ወይስ ለሌላ ልስጠው? የምከፍልህ ግን ትንሽ ነው።»

«ስንት?»

ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁና ለሎርና ደወልኩ። ወጥመድ የሚጠግን ሰው ከዓሣ አጥማጅ ይቆጠራል? አላውቅም አለች፣ አለቃዋን ጠየቀች፣ አለቃዋ የሕግ ባለሙያውን ጠየቀ፣ የሕግ ባለሙያው ዕረፍት ላይ ነበር። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ ሥራው የእውነት ከሆነና የሚከፈልበት ከሆነ ሊቆጠር ይችላል። «ሊቆጠር ይችላል» ማለት አዎ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ብጠይቃት «ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው» አለችኝ።

አባቴ ተላጭቶ ወረደ። ኪዮስኳ አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ወጥመዱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ሲባጎውን ያስራል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቋጠሮው ይላላል። ኮሊን ባሕር ላይ ሆኖ ፈትቶ እንደገና እንደሚያስረው የጀልባው ልጆች ነግረውኛል። አባቴ ግን ሻዩን ይገዛል።

ያን ጊዜ ያልጠበቅኩት መከራ መጣብኝ፤ አባቴ ከሎርና የባሰ ሕግ አስከባሪ ሆነ። የዓሣ ማመላለሻ መኪና ሾፌር በጨለማው ሲመጣ ከሣጥኑ ላይ ሆኖ «አንተ! ሥራህ ምንድን ነው?» ይለዋል።

«ሾፌር።»

«በአስራ አንድ ሰዓት ተመለስ።»

«ዓሣ እኮ ነው የምጭነው፣ አባት!»

«ድመትም ዓሣ ትበላለች፤ ዓሣ አጥማጅ አያሰኛትም። ሂድ!»

ከሌሊት ፈረቃ የወጣችን ነርስ ሳይቀር መለሰብኝ። «ለአንተ ሲባል ነው ይህ ሁሉ የሆነው፤ ትንሽ እዘን» ስለው «ሕግ ሕግ ነው» አለኝ። ማንቆርቆሪያውን በራሱ ላይ ልደፋበት ምንም አልቀረኝም።

ሎርና ለቁጥጥር የመጣችው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሚወርድበት ንጋት ነው። ጓንት አላደረገችም። መጥታ ሰልፉን አየች፣ አንድ በአንድ ሥራቸውን ጠየቀች፣ ጻፈች። ሁሉም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጀልባዎቹ ሲወጡ እሷ፣ አባቴና እኔ ቀረን። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«አንድ ሻይ» አለች ሳታስበው፣ ቦርሳዋን እየከፈተች።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አለ አባቴ።

እጇ ቦርሳው ውስጥ ቀረ። «ውይ» አለች።

«በነፃ ልስጥሽ» አልኩ። «አንቺው ነሽ እንደሚቻል የነገርሽኝ።»

«ከምቆጣጠረው ሰው ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። ከሥራ ያስባርራል።»

«ከእኔ ውሰጂ» አለ አባቴ ኩባያውን ዘርግቶ። «እኔን አትቆጣጠሪኝም።»

«አሁን መቆጣጠሬ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። ከሣጥኑ ላይ ገለል ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «እንግዲያው ተቀመጪና ይህን ሲባጎ ያዢልኝ። እከፍልሻለሁ። ያኔ የእኛ ሙያ ሰው ትሆኛለሽ።»

ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሁለተኛ ሥራ ለመያዝ ከማዘጋጃ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገኛል።»

«ኧረ በፈጣሪ!» አልኩ። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ የአቶ ፒርስ መብራት በራ።

«ያለ ክፍያስ?» አለ አባቴ።

«ያለ ክፍያ ሲባጎ መያዝ የሚከለክል ሕግ አላውቅም» አለችና ተቀመጠች።

ያዘችለት። ሲባጎው የሚወጥርለት እጅ ሲያገኝ ቋጠሮው እንደ ድሮው ጠበቀ። አባቴ አንዱን ጨርሶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። ሁለተኛውን ጀመረ። ጀርባው ቀና ሲል አየሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት አስራ አንድ ሲመታ ሎርና ሳንቲሟን መስኮቱ ላይ አኖረች፤ እኔም ተጣድፌ ቀዳሁላት።

ከሄደች በኋላ የአባቴን ወጥመድ እያነሣሁ «ነገ መተኛት ትችላለህ» አልኩት። «ሙላቱ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ዓሣ አጥማጅ መሆን አያስፈልግም፤ ነገ ማንም ሰው ይጠጣል።»

«እኔ ማንም ሰው አይደለሁም» አለኝ። «ወጥመዱን እዚያው ተዪው፤ አልጨረስኩትም። በአስር ሰዓት ቀስቅሺኝ።»