የሰዒድ ደም ባለቤቶች

ወንድሜን ሰዒድን በአካፋ ሲመቱት እኔ ሚስማር እየመዘንኩ ነበር። ለቡ ያለችው የሕንፃ ዕቃ ሱቄ እሱ ከሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ናት፤ መሐላችን ያለው ጭቃው የማይደርቅ መንገድ ብቻ ነው። ብሎኬት የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ሰዒድ ግንበኛ ነበር፤ ዝናቡ ሳይመጣ ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ ማውረድ ጀመረ። በሰፈራችን ደግሞ ዕቃ የሚያወርዱት አውራጆቹ ናቸው። የገዛ ዕቃህን በገዛ ጀርባህ ብታወርድ እንኳ እነሱን ሳታስፈቅድ አይሆንም። ሮበሌ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ሮበሌን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሱቄ የቆመችበት መሬት የአባቱ የኦቦ ኮርሳ የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ሄደ፣ ካሳው አለቀ፣ ልጁም በአያቶቹ ማሳ ላይ የሰው ብሎኬት አውራጅ ሆነ። ይህን የምለው እንድታዝኑለት አይደለም። እኔ ያን ቀን አላዘንኩለትም፤ ዛሬም ሳዝንለት እየተናደድኩ ነው።

«ውረድ ከመኪናው!» አለው።

«አልወርድም፤ ሰርቄ ነው እንዴ?» አለ ሰዒድ።

ሮበሌ እግሩን ይዞ ጎተተው። ሰዒድ በጀርባው ወደቀ፣ ተነሳና አፍንጫውን በቡጢ አለው። ሮበሌ ደሙን በመዳፉ ጠርጎ አየው። አካፋው አሸዋው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ነቀለው። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሰዒድ በጉልበቱ ተንበረከከ። ያኔ ሰው የሆነ ሰው ይተወዋል። ሮበሌ አልተወውም። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ አገኘው፤ ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነው። የሚዛኑን ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ሳደርገው ጣቶቼ አጥንት ወዳልነበረበት ቦታ ገቡ። «ሙኒ» አለኝ፤ እዚያው ጭኔ ላይ ሞተ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ፖሊሶቹ ሲመጡ ሮበሌ ባላለቁት ሕንፃዎች መሐል ገብቶ ጠፍቶ ነበር። ደሙ ላይ አሸዋ አፈሰሱበት፣ የተሰበሰበውን ሰው ገላመጡና ሄዱ።

ታላቅ ወንድማችን ከይረዲን የመቃብሩን አፈር ከእጁ ሳያራግፍ ገጀራ ገዛ። ከእኔ እንደማያገኝ ስላወቀ ላፍቶ ድረስ ሄዶ ነው የገዛው። ሮበሌን ፈለገው፣ አጣው። ያገኘው ታናሹን ለታን ነው። ለታ ከሚኒባስ እየወረደ ነበር፤ ምንም አላደረገም፤ ሰዒድ በሞተበት ሰዓት ብስራተ ገብርኤል ሥራው ላይ ነበር። ከይረዲን ገጀራውን ሲያነሳ ለታ ጭንቅላቱን በእጁ ከለለ። ሁለት ጣቶቹ አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ከኋላ ደርሼ የከይረዲንን ክንድ ነከስኩት፤ ደሙ አፌን እስኪሞላ ድረስ አልለቀቅኩትም። ገጀራው ከእጁ ወደቀ። በማግስቱ ግን እንደገና አነሳው።

የመስጊዳችን ኢማም ሼህ በህሩ ቤት ድረስ መጡ። እናቴ የሰዒድን ሲሚንቶ የነካው ሱሪ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሼሁ ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ለከይረዲን እንዲህ አሉት፦

«የሰዒድ ደም ባለቤት አለው። አባት የለው፣ ልጅ የለው፤ ባለቤቶቹ እናቱ፣ አንተና እህትህ ሙነጃ ናችሁ። መብታችሁ በገዳዩ አንገት ላይ ነው። በወንድሙ ጣት ላይ ግን ማንም መብት የለውም። አሁን ባለዕዳው አንተ ነህ።»

«ታዲያ ሮበሌን አምጡልኛ!»

«እዚህ አገር ያንን የሚፈርድ ቃዲ የለም። ያለ ፍርድ ከቆረጥከው ደግሞ አንተም ነፍሰ ገዳይ ነህ። ይቅር ለማለት ግን ቃዲ አያስፈልግም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ይቅር ካለ አንገቱ በሦስታችሁም ላይ ሐራም ይሆናል።»

ከይረዲን እናታችንን በፍርሃት አያት። እኔን ዞር ብሎም አላየኝም። ከቤተሰቡ ግልፍተኛዋ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ከእኔ አፍ ይወጣል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። እኔም ብሆን ራሴን አልጠረጠርኩም።

ኦቦ ኮርሳ ሳር ይዘው መጡ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የገዳይ ወገን እርጥብ ሳር ይዞ ከሟች ደጅ ይቀመጣል፤ ግባ ካልተባለ አይገባም፣ ሂድ ቢባልም አይሄድም። ከይረዲን ድንጋይ ወረወረባቸው። ግንባራቸውን ፈነከታቸው፤ ደሙ በቅንድባቸው ወርዶ ሳሩ ላይ ተንጠባጠበ። ሽማግሌው አልጠረጉትም። ያን ሳይ የሚመጣው ሁሉ ታየኝ፤ ለታ ይሞታል፣ ከይረዲን ይታሰራል፣ ከዚያ የእነሱ ወገን ተነስቶ የእኛን ይገድላል፣ እናቴም ሁለተኛ ሱሪ ታቅፋለች። ርኅራኄ አልነበረም። መረረኝ።

ወጣሁና «ልጅዎን ይዘው ይምጡ። የምናገረውን ፊቱን እያየሁ ነው የምናገረው» አልኳቸው።

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» አሉ ኦቦ ኮርሳ። «ይዤው ስመጣ ቢገድሉብኝስ፣ ልጄ?»

«አማን ሰጥቼዋለሁ። አይነካም።»

ሼህ በህሩ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዲት ሴት የሰጠችው አማን ሁላችንንም ያስራል» አሉ፤ ከይረዲንን እያዩ። ከይረዲን ገጀራውን ወርውሮ በሩን መታበት፤ ግን ከቤት አልወጣም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሱቄ ጎን ባለው ክፍት ቦታ ምንጣፍ ተነጠፈ። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የመጣ ሰው ሞልቷል። ሮበሌ በአባቱና በለታ መሐል ሆኖ መጣ፤ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ደፍቶ። ከስቷል። ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ፊቱን ሳይ ግን የሰዒድን ጭንቅላት የመታው ያ አካፋ ድምፅ መጣብኝና እጄን ለጥፊ አነሳሁ።

ሼሁ አንጓዬን ያዙኝ። «አንገቱ ላይ መብት አለሽ። ጉንጩ ላይ የለሽም።»

«ገድሎታል እኮ! አንድ ጥፊ ነው የሚበዛበት?»

«ነፍሱን ጠይቂ፣ ወይም ተይው። እሱ በጥፊ አልመታሽም፤ ስለዚህ በጥፊ አትመቺውም።»

«ይተዉአት፣ ትምታኝ» አለ ሮበሌ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሼሁ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እጄን አወረድኩ። ተቃጠልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ጥፊ መተው አንገቱን ከመተው ይልቅ ከበደኝ። «የወንድሜን ደም ለአላህ ብዬ ትቼልሃለሁ። ከዓይኔ ግን ጥፋ» አልኩት። ከይረዲን እንደ ሕፃን ልጅ ጮኸ። ገጀራውን ደጋግሞ ድንጋይ ላይ ሲመታው ቆየና ስለቱ ሲጎብጥ ሼሁ እግር ሥር ጣለው። ከዚያ ሄዶ ለታ ፊት ተንበረከከ። ለታ በጨርቅ የታሰረ እጁን አየ፣ ወንድሙንም አየ።

«ሮበሌ ቤቱ ከገባ ጣቶቼ ይቅሩ» አለው።

ሮበሌ ቤቱ አልገባም። የፖሊስ ፒክአፕ ሰዉን እየጣሰች መጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመች። ማን ጠራቸው ብሎ መጠየቅ ሞኝነት ነው፤ እርቁን አገር ሁሉ ሰምቷል፤ የደበቅነው ነገር አልነበረም። ይቅር ከተባለ በኋላ መደበቅ ያስፈልጋል ብለን ማናችንም አላሰብንም።

«ሮበሌ ኮርሳ የትኛው ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሮበሌ ራሱ ተነሳ። እጁን ሲዘረጋላቸው በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ በጫማ፣ ሲነሳ በሰደፍ። ኦቦ ኮርሳ ሊሸፍኑት ሲወድቁበት እሳቸውንም ረገጧቸው። መሐላቸው ገባሁ፤ ክርን ደረቴን መታኝና ተቀመጥኩ።

«ይቅር ብዬዋለሁ! የሟች እህት ነኝ! ደሙ የእኔ ነው!» አልኩ።

«ወንጀሉ የተፈጸመው በመንግሥት ላይ ነው» አለኝ ኢንስፔክተሩ። አላሾፈም፤ የተማረውን ነው የተናገረው።

«አካፋው ያረፈው ሰዒድ ላይ ነው! መንግሥት የቱ ጋ ነው የተፈነከተው?»

መኪናው ላይ ሲወረውሩት ሮበሌ አየኝ። «አትነካም ብለሽኝ ነበር» አለ፤ ደም በሞላ አፉ። የጠራኋቸው እኔ መስዬዋለሁ።

ጣቢያው ሄድኩ። ኢንስፔክተሩ ወንበር ሰጠኝ። ሕጉን አስረዳኝ፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ የእኔ ይቅርታ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምናልባት ቅጣት ያቀልለት ይሆናል። ጭራሽ ደንቆሮ አይደለሁም፤ ገዳይ እንደሚታሰር አውቃለሁ።

«እሰሩት፣ ፍረዱበት። የምትመቱት ግን ለምንድን ነው?»

«ለእናንተው ብለን ነው፣ እህቴ» አለኝ።

በዚያው ሰዓት ከጓሮ ጩኸት መጣ። መጀመሪያ የሰው አልመሰለኝም፤ ሲደገም የሮበሌ መሆኑን ለየሁት። ኢንስፔክተሩ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ያን ቀን በሕይወቴ የምጠላውን ሰው ድምፅ እየሰማሁ ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደብኩ። ለእኔ ብለው ነው! አንድ ጥፊ እንኳ ተከልክዬ የተቀመጥኩትን እኔን እንዲወክሉ ማን አዘዛቸው? ሁለት ፖሊሶች በክንዴ አንጠልጥለው ደጅ አወጡኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ኮርሳ ሬሳ ውሰዱ ተባሉ። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጨርቁን የገለጥኩት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ጉንጩ ግን ጉንጭ አልነበረም፤ አንዱ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ከግንባሩ ጋር ተቀላቅሏል።

«ሽንት ቤት ውስጥ ወድቆ ነው» አለን ተረኛው።

«ማን ነበር አብሮት?» አልኩ።

«ጉዳዩ ተቋሙን ነው የሚመለከተው።»

«ስም ነው የጠየቅኩህ። ይኼ እጅ የማን ነው?»

«ተቋሙን ጠይቂ አልኩሽ።»

ኢንስፔክተሩን ስንጠይቅ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉን። አንዱ ሽማግሌ በቀብሩ ላይ «ሰማይ አይታረስም፣ ንጉሥ አይከሰስም» ብለው ሊያጽናኑ ሞከሩ። ኦቦ ኮርሳ «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ሰማዩን ማረስ ይቀለኛል» አሉ።

ከቀብሩ በኋላ ሳር ቆርጬ ወደ ኦቦ ኮርሳ ቤት ሄድኩ። ከይረዲን አትሂጂ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ላይ መንገዱን ግማሽ ድረስ ሸኘኝ። ከደጃቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ግቢ ሳልባል አልገባም፣ ሂጂ ቢሉኝም አልሄድም። ከጓሮ ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ይሰማል። ኦቦ ኮርሳ ወጥተው ሳሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ተነሺ፣ ልጄ። ልጄን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም።»

«የወጣው እኔ አማን ስለሰጠሁት ነው። እኔን ይቅር ይበሉኝ።»

«የሼሁን ሕግ ሰምቻለሁ። አንገትሽ ላይ መብት የለኝም። ጉንጭሽም ላይ የለኝም።» ከጎኔ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ያጥራል። «ስሚኝ፤ ለታ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ማንም ይሁን እገድላለሁ ብሎ ምሏል። አንቺ ልጄን ይቅር ብለሽ ወንድምሽን አስቆምሽው። እኔም ይቅር እላለሁ፤ በእግዚአብሔር ስም እላለሁ። ማንን እንደምል ንገሪኝ። ስሙን ብቻ ስጪኝ።»

ስም አልነበረኝም። የሚፋቀው ብረት ድምፅ ቆመና ለታ ወጣ። አዲስ የተሳለ ገጀራ በቀሩት ሦስት ጣቶች ጨብጧል። አባቱ እግሩን ያዙ፤ ጎትቷቸው አለፈ። እዚያ መታጠፊያው ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ እየነፋ ሚኒባስ ያሳልፋል፤ ሮበሌ የሚባል ሰው መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሳሩን ጥዬ ሮጥኩ፣ ለታ ላይ ደረስኩና ክንዱን ነከስኩት። ደሙ አፌን ሞላው፤ አልለቀቅኩትም። ከይረዲንን ግን ያስቆመው ጥርሴ አልነበረም፤ ይቅርታዬ ነበር።