መኣሾ ያጠፋቸው ፋይሎች

ባለቤቴ መኣሾ በሞተ በዘጠነኛው ሳምንት ኮምፒውተሩን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። በአንሶላ ተጠቅልሎ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ተቀምጧል። መኣሾ የማኅበራችንን ጋዜጣ በአማርኛ የሚያዘጋጀው በእሱ ነበር፤ ከተበላሸ በኋላ ግን ጣለው ብለው አይጥልም፣ አሠራው ብለው አያሠራም። ከገበያ ጋሪዬ ውስጥ ከትቼ፣ ዝናቡን በፌስታል ከልዬ፣ ከምንኖርበት የለንደን ሰፈር ከሃክኒ ባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ጋሪውን አየ፣ እኔን አየና በሩን ዘጋ። በዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ብዙ አላወራም ነበር፤ አዝኜ አይደለም፣ ምንም ስላልተሰማኝ ነው።

በቀብሩም ቀን አላለቀስኩም። የማኅበሩ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ እያሾለቁ ያዩኝ ነበር፤ አንዷማ ለጎረቤቷ "ደረቅ ናት" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትበል። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ምሳ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስንቱ ሕፃን ፊቱን አጨፍግጎብኝ አልፏል፣ የእሷ አይደንቀኝም። ግን አልዋሸችም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የመጣውን ፎርም ሁሉ እሞላለሁ፣ ሰው "አይዞሽ" ሲለኝ "እሺ" እላለሁ። ውስጤ የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ድድ ሆኖ ነበር።

ኮምፒውተሩን ያወረድኩት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። መኣሾ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ "የማቲን ነገር ጽፌዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው" አለኝ። "አፍ የለህም? ለምን አሁን አትነግረኝም?" አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ማቲ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። እኔና መኣሾ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን፤ ትምህርታችንም ጠባችንም በአማርኛ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መኣሾ መታሰር ሲያሰጋው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣን። ማቲ የአሥራ አንድ ወር ልጅ ነበር። ገዳሪፍ አጠገብ ካለ የስደተኞች ካምፕ እንደደረስን እኔን ወባ ጣለኝ፤ ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም። ስነቃ ልጄ የለም። መኣሾ "ሞተ፤ ተቀበረ" አለኝ። የት? "ወዲያ ነው።" ወዲያ ሄጄ ለማየት እንኳ እግሬ ሳይጠና የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ካርቱም ወሰደን።

ካርቱም ሆነን ጠየቅኩት። ለንደን ገብተን ጠየቅኩት። ሴቷ ልጃችን ርግኣት የተወለደች ዕለት፣ እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ ጠየቅኩት። "ተይኝ ኣብሪሃት" ነው መልሱ። አንድ ቀን፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሳህን ወረወርኩበት። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ እንጂ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ስለ አየሩ፣ ስለ ባሱ፣ ስለ ርግኣት ትምህርት ተነጋገርን እንጂ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ጨካኝ ነው አልኩ። በልቤ ብቻም አይደለም፣ ለሰውም ተናግሬያለሁ።

እንግዲህ የፈለግሁት ይኼው ነው፤ ልጄ የት እንዳለ ማወቅ።

የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁን ያገኘችልኝ ርግኣት ናት። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ በፀጉር አስተካካይና በዶሮ ጥብስ ቤት መካከል የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ባለቤቱ ሀምዱ ይባላል፤ ጺሙ ሸበት ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው። ከደሴ የወጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ማንበብ ግን አይሆንለትም።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው" አለኝ አንሶላውን ሲፈታ።

"እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። አንተ ብቻ ክፈተው።"

ሳቀ። ቆርቆሮውን ፈታታና ከሆዱ ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን አወጣ። ሀርድ ድራይቩ እሷ ናት፤ የተጻፈው ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኛት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለች። ፊቱ ኮስተር አለ።

"ይሄ ድምፅ ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ሙሉውን ኮፒ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ኮፒው ላይ ነው የምሠራው። ኦሪጅናሉን ደጋግሜ ከነካሁት ይሞትብኛል።" ጥቁር መልበሴን አየና ደነገጠ። "ይቅርታ እትዬ፣ እንደዚያ ማለቴ..."

"የሞተ አይቻለሁ" አልኩት። "ሥራህን ሥራ።"

በአራተኛው ቀን ስልክ ደወለልኝ፤ ሄድኩ። ፎቶዎቹ ሁሉ ወጥተዋል። የርግኣት ልደት፣ የማኅበሩ ሽርሽር፣ መኣሾ በጥቁር ፀጉሩ። አንድ በአንድ አሳየኝ፣ አንድ በአንድ "እሺ" አልኩ።

"ጽሑፉስ?"

መነጽሩን አወረደ። "እሱ ነው የቸገረኝ። ፋይሎቹ አሉ፣ ብዙ ናቸው። ሲከፈቱ ግን በሙሉ ኮራፕት ሆነዋል፤ ተበላሽተዋል። ያየሽው... ይቅርታ፣ ያዩት እንደሆነ ዝብርቅርቅ ነው። ምንም ማድረግ አይቻልም።" እንዳምነው ብሎ አንዱን ገጽ አተመልኝ። እውነቱን ነው፤ የእንግሊዝ ፊደል፣ ቁጥር፣ የዶላር ምልክት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁሉም ተደባልቆ ተደርድሯል።

"እሺ" አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሀምዱ ከእኔ ይልቅ አዝኖ እስከ በሩ ሸኘኝ። ቅር የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም።

የባሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ በስልኳ ስትጮህ ወረቀቱን አወጣሁና ዝም ብዬ አየሁት። ሌላ የማየው ስላልነበረኝ ነው። ሳየው ቆይቼ አንድ ነገር ታወሰኝ። አንድ ዓመት የማኅበሩን የስብሰባ ጥሪ መኣሾ ማተሚያ ቤት ወስዶት፣ ማተሚያ ቤቱ ሳያይ ሰማንያ ቅጂ አትሞ ሰጠው፤ ሰማንያውም እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ ነበር። እኔ ወገቤን ይዤ ስስቅ መኣሾ በርበሬ መስሎ፣ "ምን ያስቅሻል? ጽሑፉ አለ! እነሱ ኮምፒውተር ላይ የእኛ ፊደል ስለሌለ ነው!" አለኝ። በዚያን ዘመን የአማርኛ ፊደል በፍሎፒ ዲስክ እየተገዛ ለየብቻ የሚጫን ነገር ነበር።

ደወሉን ተጫንኩ። ባሱ ቆመ፣ ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩና በመጣሁበት ተመለስኩ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ደስ አላለኝም፤ የማላውቀው ሰው በር የሚያንኳኳ ያህል ነው የረበሸኝ።

"አንተ ሀምዱ፣ ይሄ አልተበላሸም! አማርኛ ነው" አልኩት ገና ከበሩ። "ፊደሉ ነው የሌለህ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ፋይሉን ከፈተ። ከላይ በኩል የፊደሉ ስም ለካ ተጽፎ ኖሯል፤ ሳያስተውለው ነው ያለፈው። "ያ አላህ" አለ። ከኢንተርኔት ፈልጎ አወረደው፣ ጫነው፣ ፋይሉን ዘግቶ መልሶ ከፈተው። ዝብርቅርቁ ጠፋና የመኣሾ አማርኛ ተተካ። ሀምዱ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ቼክ ሳደርግ አይቻለሁ" አለ ቆሞ። "ከማኅበሩ ጽሑፍ ሌላ ሠላሳ አንድ አጫጭር ፋይሎች አሉ። ሠላሳውን ሰውየው ራሳቸው ዲሊት አድርገዋቸዋል። ኮምፒውተር ሲያጠፉበት ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ያነሣል እንጂ ጽሑፉ ወዲያው አይሄድም፤ ስለዚህ እነሱም ወጥተዋል። ያልጠፋው አንዱ ብቻ ነው።"

"የመጀመሪያው መቼ የተጻፈ ነው?"

"ኖቬምበር፣ ናይንቲ ኤይት።"

ሳህኑን የወረወርኩበት ሳምንት ነው።

በቅደም ተከተል አነበብኳቸው። የመጀመሪያው "ኣብሪሃት፣ የማቲ መቃብር ያለው" ይልና ይቆማል። ሁለተኛው፣ "ኣብሪሃት፣ የማቲ መቃብር ያለው ከካምፑ በስተምሥራቅ፣ አንድ ግራር ሥር ነው። ድንጋይ ከብቤበታለሁ።" እጄ አፌ ላይ ሄደ። አገኘሁት ብዬ ነበር። ሦስተኛው ግን "ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው" ይላል። አራተኛው "ወንዙ ዳር፣ ሌሎች ሕፃናት ከተቀበሩበት" ይላል። አምስተኛው እንደገና ዛፍ ነው፤ ግን ግራር አይደለም፣ ኮሶ ነው። በዚያ ሐሩር ከየት የመጣ ኮሶ ነው? ሠላሳውን አነበብኩ፤ በሃያ ዘጠኝ ቦታ ቀብሮታል። አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ሰባት ዓመት ሙሉ እየጻፈ አጥፍቷል።

ንዴት መጣብኝ። "ውሸታም" አልኩ ጮክ ብዬ። ሀምዱ አንገቱን ደፍቶ የአንድ ሰው ስልክ መጠገኑን ቀጠለ።

ያልጠፋውን ከፈትኩ።

"ኣብሪሃት፣ መቃብሩን አላውቀውም። ስንት ጊዜ ልዋሽሽ ሞከርኩ፣ ልጄን በውሸት መቅበር አልሆነልኝም። ማቲ ጎህ ሲቀድ እጄ ላይ ሞተ። ያን ቀን ሐኪም የሚመጣበት ቀን ነበር፤ በሳምንት አንዴ ነው። አንቺ ትንቀጠቀጪ ነበር። አንቺን በጀርባዬ አዝዬ፣ እሱን በነጠላሽ ጠቅልዬ አቅፌ ተሰለፍኩ። ፀሐዩ ሲበረታ ሰልፉን የሚያስጠብቁት ሰዎች አስከሬን ይዘህ እዚህ አትቆምም አሉኝ። አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና እጁን ዘረጋ። እኔ አረብኛ አልችል፣ እሱ አማርኛ አይችል። ማቲን ሰጠሁት። አብሬው ብሄድ ወረፋችን ያልፋል፣ መድኃኒቱም ለሁሉ እንደማይበቃ ነግረውናል። አንቺ መርፌውን ከተወጋሽ በኋላ ሮጬ ፈለግሁት። በማግሥቱም ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ይህን ብነግርሽ በእኔ ምክንያት ነው ብለሽ እድሜሽን ሙሉ ትቆጪያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ጨካኝ ብትዪኝ ይሻላል ብዬ ነው።"

ሁለተኛ አላነበብኩትም። አንዴ ይበቃል።

እንባ አልመጣም። በመጀመሪያ የመጣው እንደገና ንዴት ነው፤ ማን ጠየቀህ፣ ማን ምረጥልኝ አለህ የሚል ንዴት። ከዚያ ሀፍረት መጣ፤ የሳህኑን ስብርባሪ የሚለቅመው መኣሾ ታየኝ። ከዚያ ደግሞ መኣሾን ፈለግሁት። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ በሕይወት እንዲኖር ፈለግሁ፤ ፈለግሁና የለም። ያኔ በጣም አመመኝ። ደረቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሀምዱ ውሃ ይዞልኝ መጣ።

ስልኬ ጮኸ። ርግኣት ናት፤ ከሥራ ቦታዋ ነው። አባቷን አልቅሳ የቀበረችው እሷ ናት፤ የማታውቀው ወንድሟ መቃብር ቢገኝ አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን እያለች ስትጠብቅ ነበር።

"ማሚ? ተከፈተ? ምን ይላል? ዌር ኢዝ ሂ?"

ፊት ለፊቴ ሃያ ዘጠኝ ቦታ ተደርድሯል። ግራሩን ብላት ታምነኛለች።

"አባትሽ አያውቀውም" አልኳት።

"ዋት ዱ ዩ ሚን፣ አያውቀውም? እሱ አይደል እንዴ የቀበረው?"

"አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው የቀበረው" አልኳት። "እሱ እኔን አዝሎ ነበር።"