ሳይጮህ የተከፈተው በር

እኔ ልብስ ከውጭ አላይም፤ ገልብጬ ነው የማየው። ከውጭ የማያምር ልብስ የለም፣ ጉዱ ያለው ከገበሩ ሥር ነው። ሰውንም እንደዚያው ነው የማየው፤ እስከ ዛሬ ባል ያላገኘሁትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አባቴ «አንቺ መልአክ ቢመጣልሽ እንኳ ክንፉን ገልብጠሽ ስፌቱን ታያለሽ» ይለኛል። ይበለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በልብስ ስፌት ቤታችን ሦስት ሰዎች ነን። አባቴ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እንፋሎት በካውያ ይተኩሳል። ስሙ እንፋሎት ሆኖ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከካውያው እንፋሎት ውስጥ ስለማይወጣ ያወጣንለት ነው። እኩያዬ ነው። ስድስት ዓመት አብሮን ሲሠራ የተናገረው ቢለቀም አንድ ኪስ አይሞላም። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም። ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አንድ ደንበኛ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ይዞ እየተንጨረጨረ ተመለሰ። ኮቱ ጥቁር ነው፣ ሱሪው ደግሞ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ሴት ባለ ካሬ ቀሚስ ጎኑና ጎኑ አልገጥም አለ። ከዚያ አንድ እጅጌ ከምልክቱ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ተቆርጦ አገኘሁ። አባቴ በአርባ ዓመት ሥራው ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚያበላሽ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ አይደለሁም። ማን ቀረ?

የምንኖረው ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነው። አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ስገባ እንፋሎት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል፤ በእጁ ጠመኔ ይዟል። ተኳሽን ከጠመኔ ጋር ምን አገናኘው? ሲያየኝ ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ወደ ካውያው ሄደ። ጨርቁን አየሁት። የአባቴ መስመር እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ግን የጣት ያህል ወፍሯል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። የአባቴን ስም አጥፍቶ የራሱን ቤት ሊከፍት፣ ደንበኞቻችንንም ይዞ ሊሄድ ነው። የእሱ ሥራ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሆቴል የሙዚቃ ባንድ ስምንት ባለ መስመር ኮት አዘዘን። ጨርቁን ራሳቸው ከሩቅ አስመጥተው ነው፤ ለስምንት ኮት ልክ ነው፣ አንድ ቢበላሽ መተኪያ የለውም። የሚቆረጠው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ ዕለት እንፋሎትን ደጅ ጠራሁትና «ከረቡዕ በኋላ እንዳትመጣ» አልኩት።

አልተከራከረኝም። «እሺ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ሐሙስን ብቻ ልምጣ። የባንዱ ጨርቅ እስኪቆረጥ።»

ይኸውላችሁ! ሌባ እንኳ እንዲህ ፊት ለፊት አያስፈቅድም። «ሐሙስ እዚህ ደጃፍ ላይ እንዳላይህ» ብዬው ገባሁ።

እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ያ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የሰነበተው የጠፈር ፊልም ታየ፤ የተከታታዩ አሥረኛ ዓመት ልዩ ዝግጅት። እንፋሎት ቴሌቪዥን ስለሌለው አባቴ ጠርቶት ሦስታችንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን አየን። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት መንኮራኩር ካፒቴኗን፣ ሐኪሙንና ሜካኒኩን ጨምሮ አራት ሰዎች ይዛ ትበራለች፤ ከአራቱ አንዱ ግን የሰው መልክ የተዋሰ ሌላ ፍጡር ነው። ካፒቴኗ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ምድር መድረስ የለባትም። እኔማ ለካፒቴኗ አዘንኩ። ሆኖም ከፊልሙ ይልቅ እንፋሎትን ስመለከት ነው የዋልኩት።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ይሄ ፊልም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለ ኮት ብሰፋ ደንበኛ በድንጋይ ያባርረኝ ነበር።»

«የቱ ጋ ነው ቀዳዳው?» አልኩት።

«ፍጡሩ ሐኪሙ መሆኑን ካፒቴኗ በምን አወቀች? ማንም አልነገራት። ዝም ብላ ቆየች፣ ቆየችና ‹አንተ ነህ!› አለችው። ጠንቋይ ናት እንዴ?»

«ኧረ አባዬ፣ ጠባሳው! ግራ እጁ ላይ የነበረው ጠባሳ ቀኝ እጁ ላይ ተገኘ። ጓንቱን ሲያወልቅ እኮ በደንብ አሳይተውታል።»

«እኔ ምንም ጠባሳ አላየሁም።»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ እንፋሎት ከካውያው ቀና ሳይል። «ደህና አድርገው አላሳዩትም።»

ዘወር ብዬ አየሁት። ጠባሳው ሲታይ አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ታዲያ ለምን ይዋሻል?

«ሜካኒኩስ ቢሆን?» አባቴ ቀጠለ። «ሰውየው ሲስቅ፣ ሲስቅ ነበር። ወዲያው ቀበሩት። ሳቅ ነው የገደለው?»

«በመርፌ ወግቶት ነዋ! ከኋላው መጥቶ።»

«መቼ?»

«እየሳቀ እያለ።»

«ቶሎ ነው ያለፈው ጋሼ» አለ እንፋሎት። «ብዙ ሰው አያስተውለውም።»

መርፌው ሲገባ ይሄው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ዘሎ ነበር። ለአለቃ የሚያሸረግድ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ከነገ ወዲያ የሚባረር ሰው ግን ለምን ያሸረግዳል?

«እሺ በሩስ?» አለ አባቴ፤ አሁን ድምፁ ከፍ አለ። «የመንኮራኩሯ በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ አመለጠ ሲሉ ግን አልጮኸም። በየት በኩል ነው የወጣው?»

«በበሩ ነዋ አባዬ። ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ሳይጮህ?»

«ማን ልብ ይለዋል?» ብዬ ሳቅኩበት። እንፋሎት እንኳ «ይሄንንስ እኔም አላስታውስም ጋሼ» አለ። አባቴ ተቀየመንና ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ጠመኔውን ለማንሳት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው፤ ጠመኔው ግን ከፊቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ገበር ስሰፋ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ጠባሳ ድምፅ የለውም። መርፌም ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለውን ሁሉ፣ በሩን ጨምሮ፣ አባቴ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ጥቁርና ሰማያዊ፣ ካሬና ካሬ፣ ምልክትና መቀስ። ቀና ብዬ እንፋሎትን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር። ፈራሁ። አንዳንድ ነገር ገልብጠው ካዩት በኋላ መልሶ አይለበስም።

ብጠይቀው አባቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክደኛል፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ፊልሙ ሲደገም ጠበቅሁ። ሦስታችንም እንደ እሑዱ ተቀመጥን። ካፒቴኗ ብቻዋን ከራሷ ጋር የምታወራበት ቦታ አለ፤ ድምፅዋ ይሰማል፣ የሚታየው ግን ጨለማና ከዋክብት ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ እንደ ዋዛ፣

«አባዬ፣ የካፒቴኗን ቀይ ኮት እንዴት አየኸው?» አልኩት።

አባቴ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ጨርቅ ሲመረምር እንደሚያደርገው።

«ኮሌታው ተጣሟል» አለ። «ትከሻውም ሰፍቷታል። የማን ሥራ ነው?»

እንፋሎት ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዝምታችን ሲረዝም አባቴ ገባው። «ኮት የለም፣ አይደል?»

«የለም፣ አባዬ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። «ስንት አበላሸሁ?» አለ፣ ወደ እንፋሎት ዞሮ።

«ሦስት ብቻ ነው ጋሼ።»

«‹ሁሉም ደህና ነው› ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ልጄን ሐኪም ቤት ያመላለስኩባቸው ቀናት ናቸው። ጠዋት መጥቼ መስመሩን ሳላወፍርልዎት የቀረሁባቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ዓይናቸውን አብረን አሳይተናል። የዓይን ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሏል። ለአንቺ እንዳልነግር አስምለውኛል» አለ።

ጠመኔው ለካ ለዚህ ነበር። ሐሙስን ልምጣ ያለውም ለዚህ ነበር። በስድስት ዓመት ከሰማሁት የበለጠ በዚያች ደቂቃ ተናገረ፣ እኔ ግን ይቅርታ የምትለዋን አንዲት ቃል ሳልል ቀረሁ። «ነገ ና» ብቻ አልኩት። «ዓርብም፣ ቅዳሜም። ሁልጊዜም።»

«እሺ» አለ፤ ቅዳሜ ዕለት ባባረርኩት ጊዜ ባለው በዚያው ድምፅ።

«ነገ አንቺ ነሽ የምትቆርጪው» አለኝ አባቴ።

«እንዲህ ያለ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም፣ አባዬ።»

«እጄን ከእጅሽ በላይ አደርጋለሁ። እጄ አልታወረም።» ቃሉን ራሱ ተናገረው። እኔ የማልኩባት ያች መሐላ ትዝ አለችኝና አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። «ለካ ፊልሙ ቀዳዳ አልነበረውም። ቀዳዳው እኔ ነበርኩ።»

የማጽናኛ ውሸት ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እስከ ዛሬ የዋሸውም የተዋሸውም ይበቃዋል። ወንበሬን ወደ ወንበሩ አስጠጋሁ፣ እንፋሎትም የራሱን አስጠጋ።

«እሺ ንገሪኝ» አለ አባቴ። «አሁን ማን አለ?»

«ካፒቴኗ ተኝታለች። ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ነው።»

«የትኛውን እጁን?»

«ቀኙን። ጠባሳውን እየሸፈነ ነው።»

«ተንኮለኛ! ቀጥዪ።»

«በኮሪደሩ ሄደ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አሁን ማንም የለም፣ አባዬ።» እንፋሎትም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ሰማን፤ ምንም አልተሰማም።

«ምነው ዝም አልሽ? ምን ይታያል?»

«በሩ ተከፍቷል።»

«ሳይጮህ?»

«ሳይጮህ።»

አባቴ ጭኑን በመዳፉ መታ። «አላልኳችሁም!» አለ።